ኤፍ-86 ሴበር በደብረ ዘይት ሰማይ

በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሰለፈው አሜሪካ ሠራሹ ተዋጊ ጄት ኤፍ-86 ሴበር፣ ክንፎቹ 35 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ስለነበሩ፣ አውሮፕላን ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ የሚገጥመውን የአየር ተቃውሞ ያዘገይ ነበር። በዝቅተኛ ከፍታ በሰዓት ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ይበርር ነበር፤ ቁልቁል ሲወረወር ደግሞ ከድምፅ ይቀድም ነበር። ዋናው ብልሃቱ ግን፣ ከክንፉም ይልቅ፣ የጅራቱ አግድም ክፍል ሙሉ በሙሉ መንቀሳቀሱ ነበር፤ በዘመኑ ብዙ ጄቶች ለመሪ አልታዘዝ በሚሉበት ፍጥነት አብራሪው ሴበርን እንደ ልቡ ያዝዘው ነበር። ደብረ ዘይት ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ስሱ አየር የሞተሩን ጉልበት ቀንሶ የመንደርደሪያውን ርቀት ያስረዝም ነበር። በአፍንጫቸው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት መትረየስ ከታጠቁት ከእነዚሁ ጄቶች አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1961 በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምተዋል።