የክታብ ዓይን በሠዓሊ እጅ

ክታብ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። እዚህ ገዳሪፍም ሱዳኖቹ «ሒጃብ» የሚሉትን፣ የቁርዓን ጥቅስ በቆዳ የተሰፋበትን ክንዳቸው ላይ ያስራሉ። ውስጡን ያየው ሰው ግን ትንሽ ነው።

ታዲያ ምን አለበት? ደብተራው የፍየል ወይም የበግ ብራና ፍቆ፣ ቁራጮቹን በጠፍር ሰፍቶ ያስረዝማል። ትልቁ ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ተብሎ። ጸሎቱ በግእዝ፣ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ መክፈቻውና የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ። ለወላድ ከሆነ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዘልያን የወጋው የሱስንዮስ ታሪክ አይቀርም። በጽሑፉ መሐል ሥዕል አለ፦ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ መሐሉ ላይ ፊት ያለው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ደግሞም ዓይን፣ ብዙ ዓይን። ጋኔኑ በበሽተኛው ዓይን አሾልኮ ሲመለከት ሥዕሉ ያፈጥበትና ይሸሻል ይባላል።

የጃፓኖችም የዕድል ነገር ከዓይን አይርቅም። ዳሩማ የሚባለው ክብ ቀይ የወረቀት አሻንጉሊት ዓይኑ ሳይሣል ይሸጣል፤ ገዢው ምኞቱን አስቦ አንዱን ይሥላል፣ ሲሳካለት ሁለተኛውን። ዛሬ ሠዓሊዎች ይህንኑ አሻንጉሊት በየራሳቸው አሣሣል ይቀቡታል።

የእኛዎቹም ከክታብ ወስደዋል። እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ ሣለ። ዘሪሁን የትምጌታ ቀጫጭን የቀርከሃ ቁራጮች ጎን ለጎን ደርድሮ የክታቡን ፊቶችና ዓይኖች ሣለባቸው፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር ቢየናሌ ተሸልሟል። ወሰኔ ወርቄ ደግሞ ፊደሉን ራሱን ሥዕል አደረገው። ሥራዎቻቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ እንጂ አንገት ላይ የሚታሰሩ አይደሉም።

ይህን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። በሥዕል ክፍለ ጊዜ ልጆች ያንን ዓይን ሲሥሉ «ጥንቆላ ልታስተምሩብን ነው እንዴ?» ያሉን ወላጆች ነበሩ። ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም፤ ክታብን የሚነቅፉ ካህናትም አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ክታቡን ክታብ የሚያደርገው ጸሎቱና ስሙ ነው። እነዚህ ከሌሉበት የቀረው መስመርና ቀለም ነው፤ እሱንም ብንተወው ድንበር ስንሻገር ጥለነው ከመጣነው ላይ ሌላ መጨመር ይሆናል።

ስለዚህ መምህራን፣ ለክፍላችሁ ካርቶን፣ ከሰልና በውኃ የተበጠበጠ ቀይ አፈር ይበቃል። ኮከቡን አስቀድሙ፣ ዓይኑን መጨረሻ ላይ። ጸሎትም የሰው ስምም አይጻፍበት። ተማሪዎች ደግሞ፣ እቤት ያለውን ክታብ ፈትታችሁ እንዳታመጡብን፤ የባለቤቱ ስም ያለበት የሰው ምስጢር ነው።