የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ሲታደስ ጉልበት ስለ መጨመር

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ አለ። ደንበኛው የቮልስዋገኑን ሞተር አስወርዶ ሊያሳድስ ተነሥቷል፤ ገንዘቡንም ይዟል፤ «እግረ መንገዱን ጉልበት እንዲጨምር ትልቁን ፒስተን ስጠኝ» ይላል። ነጋዴው ምንም ሳይጠይቅ የሰጠው እንደ ሆነ የዚያን ቀን ሽያጭ ያማረ ይመስላል። ሞተሩ ግን ዐባይ በረሃ ውስጥ የቆመ ጊዜ ዕቃው ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ ደንበኛው ግን አይመለስም። ስለዚህ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በአካባቢው ያሉ ነጋዴዎች ለዚህ አገር ከፍታና መንገድ የሚስማማው የትኛው ማሻሻያ እንደ ሆነ ለይተው ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

ቮልስዋገን ቢትል፣ በእኛ አጠራር ቮልስ፣ በጀርመን አገር መሠራቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የመጨረሻውም ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ መኪና ስለ ነበረ፣ ከታሪካችን ጋር የተያያዘ ተሽከርካሪ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህም በላይ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ስላስታወቀ፣ በእጅ ያለውን የቤንዚን መኪና ማደስ ለባለቤቱ ቀዳሚ ምርጫ ሆኗል። ለመለዋወጫ ነጋዴ ይህ ገበያ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የከፍታው ነገር ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ፍኖተ ሰላም ከዚህ ጥቂት ዝቅ ትላለች። በ2,100 ሜትር የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው 81 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚጠጣው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በግምት በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ብሎ የሸጠው የ1200 ሞተር ቡሬ ላይ 27 ያህል ይሰጣል፤ የ1600ውም ከ50 ወደ 40 ይወርዳል። ደንበኛው «ሞተሩ ደከመ» የሚለው አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ሳይደክም አየሩ ስለ ሳሳ ነው።

ቀጥሎ የልክ ጉዳይ ይመጣል። የ1200 ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 77፣ የፒስተኑ ጉዞ 64 ሚሊ ሜትር ነው። የ1300ው ስፋት ያው 77 ሲሆን ጉዞው 69 ነው። የ1500ው 83 በ69፣ የ1600ው ደግሞ 85.5 በ69 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው 1200ን ወደ 1300 ለመለወጥ ፒስተን መግዛት ምንም አይፈይድም፤ ልዩነቱ በክራንክሻፍቱ ላይ ነውና። ሻጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ዲናሞው በተቀመጠበት እግር ሥር የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር ይጠይቅ፤ ቁጥሩ በዲ የሚጀምር ባለ 34 የፈረስ ጉልበቱ 1200 ነው፣ በኤፍ የሚጀምር 1300፣ በኤች የሚጀምር 1500፣ በኤ-ዲ የሚጀምር ባለ 50ው 1600 ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ለ1200 ሞተር ሳይቦረቦር ይገባል እየተባለ የሚሸጥ ባለ 83 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር አለ። ሲገጠም ሞተሩ 1,385 ሲሲ ይሆናል፤ ይህም 16 በመቶ ጭማሪ ስለ ሆነ ከፍታው የወሰደውን አብዛኛውን ይመልሳል። ለ1600ውም እንዲሁ 87 ሚሊ ሜትር የሆነና ሞተሩን 1,641 ሲሲ የሚያደርስ አለ። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ቀዳዳው ሳይሰፋ ትልቅ ሲሊንደር እንዲገባ የተደረገው የሲሊንደሩ ግድግዳ እንዲሳሳ ተደርጎ ነው፤ ስስ ግድግዳም በሙቀት ክብነቱን ያጣል፤ ፋሻው አየር ያሳልፋል፤ ሞተሩም ዘይት መጠጣት ይጀምራል። በውኃ ሳይሆን በነፋስ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእኔ አስተያየት ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞር ሰው ይሸጥለት፤ ሩቅ አገር ለሚሄድ ግን ወይ የፋብሪካው ልክ፣ ወይ ሙሉ የ1600 ሞተር ይሻለዋል። ሙሉ ሞተር የሚለውጥ ሰው የቆየው የ1200 ፍሪሲዮን 180፣ የ1600ው ግን 200 ሚሊ ሜትር መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቤንዚንና አየር ከመቃጠላቸው በፊት ስንት እጥፍ እንደሚታመቁ የሚያሳየው ቁጥር የማመቅ መጠን ይባላል፤ በቮልስ ሞተሮች ከ7 እስከ 7.5 አካባቢ ነው። አየሩ በሳሳበት አገር ይህን መጠን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ወጪውም ከፒስተን ለውጥ ያነሰ ነው። ለምሳሌ የ1600ውን ከ7.5 ወደ 8 ለማድረስ ከሲሊንደሩ ሥር የሚገባውን ቀለበት በ0.75 ሚሊ ሜትር ያህል ማሳነስ ይበቃል። ሆኖም ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ በራሱና በሲሊንደሩ አፍ መካከል ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ሊቀር ይገባል፤ ይህ ካልተገኘ ቀለበቱን ትቶ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ማስላጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ መካኒክ የሚዘነጋው ነገር አለ። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን የዐባይን ሸለቆ ይሻገራል፤ ከደጋው ጫፍ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ድልድዩ አጠገብ ያለው የአየር ግፊት ከቡሬው ከ12 እስከ 14 በመቶ ይበልጣል። ለቡሬ አየር ብቻ ተብሎ እስከ 9 የታመቀ ሞተር ቡሬ ላይ እንደ ፈረስ ይሮጣል፤ ሸለቆው ግርጌ ደርሶ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በቆላው ሙቀት ዳገቱን ሲጀምር ግን ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ እየፈነዳ የብረት ድምፅ ያሰማል። በዚህ ዐይነት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ፒስተን ለመብሳት ይበቃሉ። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄደውም ዐባይን መሻገሩ አይቀርም። ስለዚህ 8 ይበቃል። መኪናው ከባሕር ዳር አልፎ የማይሄድ ከሆነ፣ በዚያ መስመር እንዲህ ያለ ሸለቆ ስለሌለ፣ ትንሽ መጨመር ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን መኪና ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ካርቡራቶሩም በዚሁ ዐይን ሊታይ ይገባል። ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለቀዳዳ የነሐስ ብሎን ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካ ከሆነ፣ በ2,000 ሜትር ላይ ከሚያስፈልገው 10 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል፤ የማርሚታው ጥቁር ጭስና የካንዴላው ጥላሸት ከዚህ ይመጣል። 125 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን በ120 መለወጥ ያንን ትርፍ ያስቀራል። ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን በየቀኑ የሚታይ ነው። ከዚያ በታች ማውረድ ግን ሸለቆው ውስጥ ቤንዚኑ እንዲያንስና ሞተሩ እንዲግል ያደርጋል። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትም ጊዜ በብልጭታ መብራት ይመዘን፤ በፍጥነት ሲዞር በጠቅላላው ከ30 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል።

ስለ ማቀዝቀዣው የማይናገር ሻጭ ግማሹን ሥራ ትቷል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራ ሁሉ ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ወይም የዳር ጎማው ከተቀደደ የጋለው አየር ተመልሶ ይሳባል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ስለ ነበረ የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ ቀድሞ ይቃጠል ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ ማቀዝቀዣውን ለብቻው ወደ ኋላ አውጥቶ ችግሩን አቃለለው። ይህን የኋለኛውን ማራገቢያ ቤት ከነማቀዝቀዣው የሚያስመጣ ነጋዴ፣ በእኔ ግምት፣ ትልቅ ፒስተን ከሚያስመጣው ይልቅ ለጎጃም መንገደኛ የበለጠ ጉልበት ይሸጣል፤ ያልጋለ ሞተር ጉልበቱን አያጣምና።

በገጠሩ የአቧራ መንገድ ደግሞ ዘይት ያለበትን አሮጌውን የአየር ማጣሪያ ጥሎ የሚያብረቀርቀውን ክፍት ማጣሪያ መግጠም፣ ለዐይን ቢያምርም፣ አዲሱን ሲሊንደር በአሸዋ መሞረድ ነው። የቮልስ ሞተር የዘይት ወንፊት እንጂ እውነተኛ የዘይት ማጣሪያ የለውም፤ የሚይዘውም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በወረደበት ጊዜ ማጣሪያ ማስገባት በጣም ይመከራል።

ፒስተንና ቢየላን መዝኖ ማመጣጠን ሚዛን እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። በአራቱ ፒስተኖች መካከል ከ10 ግራም የበለጠ ልዩነት መኖር የለበትም።

ለአስመጪዎች የቀረው የትእዛዝ ወረቀቱ ነው። የሞተሩ ገላ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለ ሆነ የብሮንዚናው መቀመጫ ይሰፋል፤ ክራንክሻፍቱም በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር ይሞረዳል። ስለዚህ ብሮንዚና ሲታዘዝ የውስጡም የውጭውም ልክ ይጻፍ፤ አንዱ ብቻ ተጽፎ የመጣ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በጉምሩክ ታሪፍ ፒስተን፣ ሲሊንደር፣ ቴስታታና ካርቡራቶር በ8409፣ ክራንክሻፍትና ብሮንዚና በ8483፣ ጓርኒሲዮን በ8484፣ ማጣሪያዎች በ8421፣ ካንዴላና ዲስትሪቢዩተር በ8511 ይመደባሉ። ሁሉንም በአንድ መስመር «የቮልስ ሞተር ዕቃ» ብሎ የጻፈ አስመጪ ጅቡቲ ሳይደርስ ደረሰኙን እንደገና ያስጽፍ።