ልጃችሁ የሬዲዮ ዕቃ ሱቅ ሲከፍት፦ ከመፈረማችሁ በፊት



ልጃችሁ «የአማተር ሬዲዮ ዕቃ የሚሸጥ የቤተሰብ ሱቅ እንክፈት» ቢላችሁ፣ ዜና የምንሰማበት ሬዲዮ እንዳይመስላችሁ። ያለ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአንቴና ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚያነጋግር መሣሪያ ነው። ተጠቃሚው ከመገናኛ ሚኒስቴር ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የጥሪ ስምም ይሰጠዋል። የእስራኤሉ በ4ኤክስ ወይም በ4ዜድ፣ የኢትዮጵያው በኢቲ ይጀምራል። እንግዲህ ገዢው ጥቂት፣ ዕቃው ውድ ነው። መሣሪያውን ከውጭ ከማዘዙ በፊትም ሚኒስቴሩን ይጠይቅ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙ ጊዜ «አባዬ፣ በስምህ እንክፈተው» ይባላል። ከእርጅና አበል ጋር ሀሽላማት ሀክናሳ የምትቀበሉ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ንግዱ በስማችሁ ከሆነ ገቢውም የእናንተ ተብሎ ይቆጠራል። ማሟያው ሊቀነስ ወይም ሊቆም ይችላል፤ የወሰዳችሁትንም «መልሱ» ልትባሉ ትችላላችሁ። ቢቱዋህ ሌኡሚን ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ።

ልጁ በራሱ ስም በማአም፣ በመስ ሀክናሳና በቢቱዋህ ሌኡሚ ይመዝገብ። «ኦሴክ ፓቱር» ሆኖ ከጀመረ ከደንበኛ ማአም አይሰበስብም፤ ግን ዕቃ ሲገዛ የከፈለው ማአምም አይመለስለትም። ውድ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው ይሄ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ከሂሳብ አዋቂ ጋር ያስላው።

ዋስ መሆንም እንዲሁ ነው። ልጁ ብድሩን ካልከፈለ ባንኩ ወደ ዋሱ ይመጣል። ልጅን እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን «ወረቀቱን መጀመሪያ ላስነብበው» ማለት እምቢታ አይደለም። ይዛችሁልን ኑ፣ በአማርኛ አብረን እናየዋለን።