ሁለት ዊንዶውስ በአንድ ኮምፒውተር

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮም ይሁን አጋሮ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ባለሙያው አሮጌውን ዊንዶውስ ያጠፋና አዲሱን ይጭናል። ፋይሉ በፍላሽ ተቀድቶ ቢተርፍ እንኳ ፋይሉን ይከፍት የነበረው ፕሮግራም ግን አይተርፍም። ነገር ግን አዲሱን እየጫኑ አሮጌውንም ባለበት ማቆየት ይቻላል። ይህ አሠራር ዱዋል ቡት ይባላል።

አሮጌውን ማቆየት በተለይ ለእኛ አገር የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የሆነው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ ነበር። በዚያ ዘዴ የተጻፈ ውል ወይም ቃለ ጉባኤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ጅማ ውስጥ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ በየትኛውም ማሽን ይነበባል፤ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለው የድሮ አማርኛ ሰነድ ግን አይነበብም።

ፎንቱን አዲሱ ዊንዶውስ ላይ መጫን ብዙ ጊዜ ይቻላል። ችግሩ መጻፊያው ነው። ለ16 ቢት የተሠራ ፕሮግራም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። የ32 ቢት ሾፌር ብቻ ያለው የድሮ ፕሪንተርና ስካነርም እንዲሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሀርድ ዲስኩ ከሁለት ይከፈላል። ከቪስታ ወዲህ ያሉ ዊንዶውሶች በውስጣቸው ባለው ዲስክ ማኔጅመንት አንዱን ክፍል አሳንሰው ባዶ ቦታ ማውጣት ይችላሉ። አዲሱ በባዶው ቦታ ላይ ይጫናል፤ ሲጫንም «አፕግሬድ» ሳይሆን «ከስተም» መመረጥ አለበት። «አፕግሬድ» አሮጌውን ይተካዋል። ወደ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 አፕግሬድ ያደረገ ሰው ወደ ቀድሞው መመለስ የሚችለው በተለምዶ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። በ«ከስተም» ከተጫነ ግን ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቡት ማኔጀር የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ቀድማ ትነሣና በየትኛው ልግባ ብላ ትጠይቃለች። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ አሮጌው፣ ቀጥሎ አዲሱ። አሮጌው ኋላ ከተጫነ የራሱን ቡት ማኔጀር ይጽፍበታል፤ ከእሱ በኋላ የወጣውን ስለማያውቅም አዲሱ ከምርጫው ይጠፋል።

ትልቁ አደጋ መብራት ነው። ዲስኩ እየተከፈለ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሁሉም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው፤ ከሁሉ በፊት ግን ሰነዱ ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ይገልበጥ። አዲሱ ላይ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ይዘጋ። ይህ ክፍት ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሥራውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ አሮጌው ዊንዶውስ አዲሱ ባለበት ክፍል ላይ ከጻፈ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

አሮጌውን ከኢንተርኔት ማራቅ ግድ ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 14 ቀን 2020 በኋላ መደበኛ የደኅንነት ማስተካከያ አላገኘም፤ የዊንዶውስ 10ም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚፈልግ ብዙ የቆዩ ማሽኖች አይቀበሉትም። ለእነዚህ በዊንዶውስ 11 ፈንታ ኡቡንቱ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እመክራለሁ። ነፃ ነው፤ ጫኙም ከዊንዶውስ ጎን ልቀመጥ ወይ ብሎ ራሱ ይጠይቃል።

ማሽንዎን ለባለሙያ ከመስጠትዎ በፊት «አሮጌው እንዳይነካ» ብለው አስረግጠው ይንገሩ። ከዚያም አሮጌውን እየከፈቱ የድሮ ሰነዶችዎን አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ ያሸጋግሩ፤ ያ ሥራ ሳያልቅ አሮጌውን አያስጠፉ።