ጨው የሚያስቀር፣ ጨው የሚሸኝ

ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ጋ ደርሶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ምክር ይታወቃል፤ «ጨው ቀንስ»። ምክሩ ትክክል ነው። አክስቴ ግን ጨው ያልነካው ወጥ እየበላች ግፊቷ አልወርድ ሲላት «ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች። ምንም አላጠፋችም። ፊዚዮሎጂ ሳስተምር ከሁሉ በላይ ደጋግሜ የምናገረውም ይህንኑ ነው፤ የምንበላው ጨው አንድ ነገር ነው፣ ኩላሊት የሚያስቀረው ጨው ሌላ።

የጤናማ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። አብሮ የሚጣራው ጨው ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። ይህ ሁሉ በሽንት ቢወጣ በሕይወት አንቆይም፤ ስለዚህ ከመቶ 99 እጁ ወደ ደም ይመለሳል። አብዛኛው ገና በመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ላይ ይመለሳል። የቀረው ጥቂቱ ዕጣው የሚወሰነው መጨረሻ ላይ፣ ሽንት በሚሰበሰብባቸው ቱቦዎች አካባቢ ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ግፊትን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ይበቃል።

እዚያ ያሉት ሴሎች ሶዲየም የሚያስገቡበት መተላለፊያ አላቸው፤ ተመራማሪዎች ኢናክ ይሉታል። ለትምህርት ውጭ ሳለሁ ሥራውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሴሎቹ ስስ ማጣሪያ ላይ ይዘራሉ፤ ከቀናት በኋላ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ሽፋን ይሆናሉ። ሶዲየም ከላይ ወደ ታች ሲያሳልፉ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ስክሪኑ ላይም መስመር ሆኖ ይታያል። ከላይ በኩል አሚሎራይድ የሚባለውን መድኃኒት ጠብ ሲያደርጉበት መስመሩ ወዲያው ወደ ዜሮ ያሽቆለቁላል። መድኃኒቱ የመተላለፊያውን አፍ ደፍኖታል ማለት ነው።

ኢናክን የሚያዙት መልእክቶች ብዙ ናቸው። አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ዋነኛው ነው፤ እኔን የሚያስደንቁኝ ግን ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉት የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን፣ ኢጂኤፍን፣ ያገኘው ስታንሊ ኮኸን ነው። ከአይጥ ምራቅ ዕጢ የተቀመመ ጭማቂ ለአይጥ ግልገሎች ሲሰጥ ዓይናቸው ያለጊዜው ይገለጥ ነበር። ኮኸን በዚህ ሥራው በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይኸው ፕሮቲን በኩላሊት ውስጥም ይመረታል፤ በሽንት ውስጥም በብዛት ይገኛል። ዕድገታቸውን በጨረሱ ሰዎች ኩላሊት ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?

አንዱ ሥራው ጨው መሸኘት ነው። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ኔድ4-2 የተባለውን ፕሮቲን ማወቅ ያስፈልጋል። ኔድ4-2 ኢናክ ላይ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት የተደረገበት መተላለፊያ ከሴሉ ገጽ ተነስቶ ይወገዳል። ኢንሱሊን ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ሴሉ ውስጥ ኢንዛይሞች በተራ ይነቃሉ፤ ኤስጂኬ1 የተባለው ኔድ4-2ን ይገታዋል። መተላለፊያዎቹ ገጹ ላይ ይበረክታሉ፣ ጨውም ይቀራል። ኢጂኤፍ ደግሞ ኢአርኬ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ቀስቅሶ ኢናክን ለኔድ4-2 ያጋልጠዋል። በአይጥ የኩላሊት ሴሎች ላይ እንደታየው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሶዲየሙን ጅረት ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ አንድ ቀን ሙሉ ሲቆይ ግን ይቀንሰዋል። ተማሪዎቼ ለፈተና አንዱን አቅጣጫ ብቻ ይዘው ሲመጡ የማዝነው ለዚህ ነው፤ ያው መልእክት እንደ ቆይታው ትርጉሙ ይለያያል።

ኔድ4-2 ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ምን እንደሚሆን ያሳየን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በ1963 ግራንት ሊድል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ግፊቷ እጅግ ከፍ ያለ፣ ፖታሲየሟ የወረደ፣ አልዶስቴሮኗ ግን እዚህ ግባ የማይባል አንዲት ወጣት ሴት ታሪክ አሳተሙ። ችግሩ በወንድምና እህቶቿም ላይ ነበር። ከዓመታት በኋላ ኩላሊቶቿ ደክመው የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተከልላት ግፊቷ ተስተካከለ። በ1994 ምክንያቱ ተገኘ፤ ኔድ4-2 ኢናክን የሚይዝበት ጫፍ በዘር ውርስ ተቆርጧል። መተላለፊያው አይወገድም፣ ጨውም አይሸኝም።

እንዲህ ያለው በሽታ ብርቅ ነው። ጨው ሲበሉ ግፊታቸው በሚጨምር አይጦች ላይ የተሠራው ጥናት ግን ወደ ብዙዎቻችን የቀረበ ይመስለኛል። በ2013 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው እነዚህ አይጦች ጨው የበዛበት ምግብ ሲሰጣቸው በኩላሊታቸው ያለው ኢጂኤፍ ይቀንሳል፣ ኢናክም ሥራውን ያበዛል። ኢጂኤፍ በደም ሥር ሲሰጣቸው ግን ግፊታቸው ያን ያህል አልጨመረም።

ታዲያ ኢጂኤፍን በመድኃኒትነት ለምን አንወስድም? ሴል የሚያባዛ መልእክት የካንሰር ሴልንም ያባዛልና በዋዛ አይሰጥም። አሁን በእጃችን ያሉት ኢናክን የሚደፍነው አሚሎራይድና የአልዶስቴሮንን ትእዛዝ የሚያግደው ስፓይሮኖላክቶን ናቸው። ሁለቱም ፖታሲየምን በደም ውስጥ ስለሚያስቀሩ፣ የሚወስዳቸው ሰው በፖታሲየም የተሠራ የጨው ምትክ ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በየጊዜውም ደሙን ይመርመር። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ ልብን ሊያቆም ይችላል።