ቶር አድራሻችንን ይደብቃል፤ አሻራችንንስ ማን ይደብቅ?

ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብላችሁ የተለመደውን ብራውዘራችሁን በቶር ኔትወርክ በኩል አገናኛችሁት እንበል። ድረ ገጹ የእናንተን አይፒ አድራሻ አያይም፤ የሚያየው የመጨረሻውን የቶር ሰርቨር ነው። ብራውዘሩ ግን ቋንቋው አማርኛ፣ ሰዓቱ የካሊፎርኒያ መሆኑን ይናገራል። ገጹ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ቃል ስፋቱን ቢለካ ደግሞ ፎንቱ መጫኑን ያውቃል። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገኙበት ኮምፒውተር ስንት አለ? ነገ ያለ ቶር ብትመለሱ ያው ሰው መሆናችሁ ሊታወቅ ይችላል። የብራውዘር አሻራ የሚባለው ይህ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ከ470,161 ብራውዘሮች 83.6 በመቶው ከሌሎቹ የሚለይ አሻራ ነበራቸው።

ታዲያ መከላከያው የት ይቀመጥ? የቶር ታሪክ ሦስት መልሶችን ሞክሯል።

የመጀመሪያው በመሀል የሚቆም ፕሮክሲ ነው። ቀድሞ ብዙዎች ፕሪቮክሲ የተባለውን ይጠቀሙ ነበር። ነገር ግን በኤችቲቲፒኤስ የሚያልፈው መረጃ የተመሰጠረ ስለሆነ ፕሮክሲው ከፍቶ ሊያርመው አይችልም።

ሁለተኛው ቶርበተን የተባለው የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን ነው። ኤክስቴንሽን ግን የብራውዘሩን ውስጠኛ ክፍል ሁሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጠቃሚው ራሱን የቻለ ቶር ብራውዘር እንዲይዝ ወሰኑ።

ሦስተኛውና የጸናው መልስ ብራውዘሩ ራሱ ነው። ቶር ብራውዘር ሰዓቱን ለሁሉም ዩቲሲ ያደርጋል፣ የመስኮቱን መጠን ያጠጋጋል፣ ገጾች የሚያዩትን ፎንት ይገድባል። ዓላማው ሰውን ማጥፋት ሳይሆን ማመሳሰል ነው፤ በጥምቀት ዕለት ነጭ ከለበሰ ሕዝብ መሀል አንዱን ለይቶ መጥራት እንደሚከብደው ማለት ነው። በላዩ ላይ ኤክስቴንሽን የጨመረ ሰው ግን ቀይ ለብሶ እንደ ወጣ ይቆጠራል።

የአማርኛ ገጽ የምትሠሩም ድርሻ አላችሁ። «መጀመሪያ ይህን ፎንት ጫኑ» አትበሉ። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፎንቱንም ከገጹ ጋር በዌብ ፎንት ላኩት። አንባቢው በኮምፒውተሩ ላይ የጫነው እያንዳንዱ ብርቅ ፎንት አሻራው ላይ አንድ መስመር ይጨምራል።