ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ፦ አነስተኛ ተቋራጮች ስለ ደመወዝ መዝገብና ስለ ሥራ ላይ ጉዳት መድን ሊያውቁት የሚገባ

ከሚሴ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚታየውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር በሚገነባ ሕንጻ ሥር ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ የፌሮ ሠራተኛውና የቀን ሠራተኛው ይሰበሰባሉ። ካቦው ከኪሱ ደብተር ያወጣል። «አንተ አምስት ቀን፣ አንተ ስድስት፣ አንተ ደግሞ ሁለት መቶ ወስደሃል» ይባባላሉ፣ ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚፈርም የለም። ብዙ ጊዜ ሙሉ ስም እንኳ አይጻፍም።

ይህ አሠራር ለወራት ያለ ችግር ይዘልቃል። ችግሩ የሚወጣው አንድ ሰው ከመወጣጫው ላይ የወደቀ ቀን ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ይመጣል፦ ይህ ሰው የማን ሠራተኛ ነበር? ከመቼ ጀምሮ? በቀን ስንት እየተከፈለው? መልሱ ካልተጻፈ ተጎጂው ሐቁን የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም። ተቋራጩም ቢሆን አይድንም፤ ዕዳው በሕግም በአላህም ዘንድ በእሱ ላይ እንዳለ ነው። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከባቲ እስከ ሰንበቴ ያሉ አነስተኛ ተቋራጮች አብዛኞቹ ራሳቸው ትናንት የቀን ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። አንድ አደጋ የሁለት ቤት ኑሮ የሚያናጋውም ለዚህ ነው።

አሠሪው ማን ነው?

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ይፈጸማል። አንድ ለሳኝ ሥራውን በካሬ ሜትር ዋጋ ተነጋግሮ፣ በራሱ ኃላፊነትና ኪሳራ ከወሰደ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እሱን እንደ ሠራተኛ አይቆጥረውም። ነገር ግን ይህ ለሳኝ ሦስት ረዳቶችን በቀን ሂሳብ ይዞ ከገባ፣ ለእነዚያ ረዳቶች አሠሪያቸው እሱ ነው። ንግድ ፈቃድ አለማውጣቱ ወይም «እኔም እንደ እናንተው ሠራተኛ ነኝ» ማለቱ ይህን አይለውጠውም። በያጁ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ኮብልስቶን የሚያነጥፈው ማኅበርም ሰው ሲቀጥሩ እንዲሁ ናቸው።

ውሉ በቃል ቢሆንም ውል ነው። አዋጁ በቃል የተቀጠረ ሠራተኛ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ፣ አሠሪው የፈረመበት ጽሑፍ እንዲሰጠው ያዛል። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ ዋናው ሠራተኛው የሚረዳው መሆኑ ነው። ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የሚጀመርበት ቀን፣ የደመወዙ መጠንና የሚከፈልበት ጊዜ ከሰፈረ አንድ ገጽ ይበቃል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሱረቱል በቀራ የሚገኘውና ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ አንቀጽ የሚያስተምረው በመካከላችን ያለውን ዕዳ እንድንጽፍና እንድናስመሰክር ነው። በሱረቱል ቀሰስ ደግሞ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በመድየን ሲቀጠሩ ዘመኑ ስምንት ዓመት መሆኑ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ዓመት ደግሞ በበጎ ፈቃዳቸው መሆኑ አስቀድሞ ተለይቶ እናነባለን። መተማመን ውልን አያስቀርም፤ ውሉ ራሱ መተማመኑን ይጠብቀዋል።

የደመወዝ መዝገቡ ምን ይይዛል?

በተለምዶ «ፔሮል» የሚባለው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ የትልልቅ ድርጅቶች ብቻ አይደለም። አዋጁ ማንኛውም አሠሪ የሠራተኛውን ጠቅላላ ክፍያና የስሌቱን መንገድ፣ ተጨማሪ ክፍያዎችን፣ የተቀነሰውን መጠንና ምክንያቱን፣ የተጣራውን ክፍያ እና የሠራተኛውን ፊርማ የያዘ መዝገብ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሠራተኛው መዝገቡን ማየትና ማብራሪያ መጠየቅ ይችላል። ሳይቃወም ፈርሞ መቀበሉም ቀሪ መብቱን ትቷል አያሰኝም። ከደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ደግሞ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

በቁጥር እንየው። የቀን ሂሳቡ 500 ብር የሆነና በወር 26 ቀን የሚሠራ ሠራተኛ አለ እንበል። ጠቅላላ የወር ደመወዙ 13,000 ብር ይሆናል።

የጡረታ መዋጮ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ከሠራተኛው 910 ብር ይቀነሳል፣ አሠሪው 1,430 ብር ከራሱ ይጨምራል።

የሥራ ግብሩ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ይሰላል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ባለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ባለው 30 በመቶ ይከፈላል። ለዚህ ሠራተኛ ድምሩ 2,550 ብር ይመጣል። ስለዚህ በእጁ የሚገባው 9,540 ብር ነው።

«ይህን ሁሉ የሚሠራልኝ ሰው ከየት አመጣለሁ?» የሚል ተቋራጭ ብዙ ነው። የሂሳብ ባለሙያ በቋሚነት መቅጠር ግዴታ አይደለም። አራት አምስት አነስተኛ ተቋራጮች ተባብረው አንድ ባለሙያ በወር ሁለት ሦስት ቀን እንዲሠራላቸው ቢያደርጉ ወጪው ይከፋፈላል። ባለሙያው ፔሮሉን ያዘጋጃል፣ ግብሩንና ጡረታውን በጊዜው ያስገባል፣ ደረሰኙን ያስቀምጣል። ከተቋራጩ የሚጠበቀው በየቀኑ ማን እንደገባ በትክክል መመዝገብ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ሲሆን ደግሞ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይቀራል።

አደጋ ሲደርስ ዕዳው ስንት ነው?

ብዙ ተቋራጮች «ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ተጠንቀቅ ብዬው ነበር» ሲሉ ይሰማሉ። በሕጉ ግን አሠሪው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰክሮ ሥራ መግባት እዚህ ውስጥ ይመደባል። ሠራተኛው ድርጅቱ ባቀረበው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚደርስበት አደጋም የሥራ ላይ አደጋ ነው።

አሠሪው በቅድሚያ የመጀመሪያ ዕርዳታ የመስጠት፣ ተጎጂውን በቅርብ ወዳለ ሕክምና የማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሕክምናው ከከሚሴ አልፎ ወደ ደሴ ቢሄድም የሕክምናው፣ የመድኃኒቱና ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የአሠሪው ነው።

ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያው ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። በምሳሌያችን 39,000፣ 29,250 እና 39,000፣ በድምሩ 107,250 ብር ይሆናል።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ መጠኑን የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። የጡረታ ዐቅድ ላልሸፈነው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ የአምስት ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። የምሳሌያችን ሠራተኛ የዓመት ደመወዙ 156,000 ብር ስለሆነ ካሳው 780,000 ብር ይደርሳል። ጉዳቱ 30 በመቶ ቢሆን 234,000 ብር ነው። ቢሞት ደግሞ የአምስት ዓመቱ ደመወዝ ለጥገኞቹ ይከፈላል። ለባለቤቱ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ፣ በእሱ ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ተብሎ ይመደባል። የቀብር ወጪም አለ። ይህ ክፍያ ሟቹ ትቶት የሄደው ንብረት ሳይሆን ሕጉ ለጥገኞች የሰጠው ካሳ ነው፤ ክርክር ቢነሳም የሚታየው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሳይሆን የሥራ ክርክርን በሚያይ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

ሠራተኛው በጡረታ ከተመዘገበና መዋጮው ከተከፈለ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የጡረታ ሕጉ የራሱ አበል አለው። ስለዚህ በየወሩ የሚከፈለው 18 በመቶ ለእርጅና ብቻ የሚቀመጥ አይደለም። የቀን ሠራተኛ በመሆናቸው ሳይመዘገቡ የሚቀሩት ይህን ከለላ ያጣሉ፤ ሸክሙም ተመልሶ ተቋራጩ ላይ ይወድቃል።

መድኑ እንዴት ይሠራል?

የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን የሚባለው ይህንን ሸክም የሚያቀል ውል ነው። የመድን ድርጅቱ አረቦኑን የሚያሰላው በሁለት ነገር ነው፤ የሠራተኞቹ የዓመት ደመወዝ ድምርና የሥራው የአደጋ መጠን። ጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ቢሮ ከሚቀመጠው የበለጠ አረቦን ይጠየቅበታል። በዓመቱ መጨረሻ የተከፈለው እውነተኛ ደመወዝ ታይቶ ሂሳቡ ይስተካከላል።

የደመወዝ መዝገቡ እዚህ ላይ እንደገና ይመጣል። አረቦን ለመቀነስ አሥር ሠራተኛ ይዞ አራት ብቻ ያስመዘገበ ተቋራጭ፣ አምስተኛው ሲወድቅ መድን የለውም ማለት ነው። የ500 ብሩን ሂሳብ 300 ብሎ ያስመዘገበም ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ውሸቱም በራሱ የአማና ጉዳይ ነው።

በዋና ተቋራጭ ሥር የሚሠሩ ወንድሞች ደግሞ «ዋናው ድርጅት መድን አለው» በሚል መዘናጋት የለባቸውም። ውሉን ጠይቀው ይመልከቱ። የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች ተጠቅሰዋል? የሚሸፈነው ሞት ብቻ ነው ወይስ ሕክምናና የአካል ጉዳትም? ጣሪያው ስንት ነው? አደጋ በስንት ቀን ውስጥ መነገር አለበት?

የሸሪዓው ጥያቄስ?

ብዙ ሙስሊም ተቋራጮች ከመድን የሚርቁት ወለድ፣ ገረርና ቁማር ይኖርበታል ብለው በመስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የንግድ መድንን ሳይቀበል፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን ደግፏል። ተካፉል የሚባለው ይኸው ነው። አባላት መዋጮአቸውን በተበሩዕ፣ ማለትም በልግስና ወደ ጋራ ቋት ያስገባሉ፤ የተጎዳው ከዚያ ይካሳል፤ ሥራውን የሚያስኬደው ድርጅት የአስተዳደር ክፍያ ይወስዳል፤ ገንዘቡም ወለድ በሌለበት ቦታ ይቀመጣል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተካፉል መመሪያ ካወጣ በኋላ የተካፉል አገልግሎት የከፈቱ የመድን ድርጅቶች አሉ። ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ተቋራጭ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ በተካፉል ይሰጥ እንደሆነ፣ የሸሪዓ አማካሪ ቦርዱም እነማን እንደሆኑ ይጠይቅ። ብቻውን የሚከብደው ከሌሎች ተቋራጮች ጋር አብሮ ይደራደር።

በወሎ ምድር ቅሬ ያላደገ ሰው የለም፤ ችግርን በጋራ መሸከም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅሬው ግን ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ያስፈጽማል እንጂ የአንድ ዓመት ደመወዝ መተካት አይችልም። በሽምግልና መጨረስም መልካም ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሕጉ ለተጎጂው የሰጠው ስንት እንደሆነ አውቀው ይቀመጡ። ወላጅ አልባ የሆነው ልጅ ሐቁን ሳያውቅ በሃያ ሺህ ብር ዱዓ ተደርጎ መሸኘት እርቅ ሊባል አይችልም። ለተጎጂው ከዘካ ሰጥቶ «ካስኩት» ማለትም አይሆንም፤ ዘካ የራስን ዕዳ መክፈያ አይደለም።

«ቀደር ነው» የሚለው ቃላችን እውነት ነው፤ የወደቀው በአላህ ውሳኔ ወደቀ። ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ለመተው የፈለገውን ሰው አስቀድሞ አስሮ ከዚያ በአላህ እንዲመካ አስተምረውታል። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል፤ ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለን ሰው አላህ በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚከራከረውም በሐዲስ አል-ቁድስ ተነግሯል። የተጎዳ ሠራተኛ ካሳም ከዚሁ ሐቅ ይቆጠራል።

በመጪው ቅዳሜ ካቦው ደብተሩን ሲያወጣ አራት ነገር ይጨመርበት፦ ሙሉ ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ የቀን ሂሳብና ፊርማ። ፊርማ የማይችል በጣቱ አሻራ ያኑር። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የሂሳብ ባለሙያውን፣ ከዚያም የተካፉሉን ጉዳይ መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው እርምጃ ከአንድ እስክሪብቶ የበለጠ ወጪ የለውም።

ወላሁ አዕለም።